እርድ፣ እጣንና "ንፁህ ተፈጥሮ" የተባለው ካፕሱል፦ የአንድ የፒያሳ ወርቅ ሰሪ ወገብ

ጉዳዩ የአንድ ወርቅ ሰሪ ነው። ልጁ (ልጅ የምለው ከኔ ስለሚያንስ ነው እንጂ አሁን 31 ዓመቱ ነው) ፒያሳ ወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለች ጠባብ መስሪያ ቤት ሲሰራ የኖረ ነው፣ እኔ ደግሞ ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስትወርዱ ካሉት ፋርማሲዎች ባንዱ የምሰራ ፋርማሲስት ነኝ። ታሪኩን እንድፅፈው ፈቅዶልኛል፣ ስሙንና እሱን የሚያስለዩ ነገሮችን አውጥቻለሁ። የምፅፈው ደግሞ "ለወገብ የሚሆን ከእፅዋት የተሰራ ነገር የለህም?" እያለ ካውንተሩ ጋ የሚቆም ሰው ስለበዛ ነው፣ ጥያቄው እኮ የሞኝ ጥያቄ አይደለም፣ መልሱ ግን በአንድ ቃል አይመለስም።

ሲጀምረው 24 ዓመቱ ነበር። ወድቆም አይደለም፣ ከባድ ነገር አንስቶም አይደለም፣ ዝም ብሎ ቀስ እያለ መቀመጫው አካባቢ ከውስጥ የሚመጣ ህመም፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ። ወርቅ ሰሪ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ስለሚውል ሁሉም "ስራው ነው" አለው። እናቱ ብርድ ነው አሉ። ጓደኞቹ ኩላሊት ነው አሉት፣ መቼም እኛ ሀገር ከጎድን በታች ከዳሌ በላይ ያመመ ነገር ሁሉ ኩላሊት ነው፣ አልትራሳውንድ ተነሳ ኩላሊቱ ንፁህ ነው፣ ግን ባዶ እጁን ላለመመለስ ነው መሰለኝ "ትንሽ ኢንፌክሽን አለህ" ተብሎ ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘለት። ቀጥሎ ዲስክ ነው ተባለ። ወጌሻ ጋ ሄዶ በቅቤ ታሸ፣ ፀበል ተጠመቀ፣ አንዲት ጎረቤት ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው ወገቡ ላይ አስረውለት አደረ፣ ጠዋት ሲፈቱት ቆዳው የተቃጠለ ያህል ውሃ ቋጥሯል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ታስሮ ሲያድር ያቃጥላል፣ ይሄ በህክምና ፅሁፎች ውስጥም በደንብ የታወቀ ነገር ነው፣ እባካችሁ አታድርጉት።

እኔ ጋ መምጣት የጀመረው ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የህመም ማስታገሻ ለመግዛት ነው። ሲመላለስ ሲመላለስ አንድ ቀን ሰው ሳይበዛ ያዝኩትና ጠየቅኩት፣

"ስትተኛ ይሻልሃል ወይስ ይብስብሃል?"

"ኧረ ይብስብኛል ዶክተር፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት 10 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሰኛል፣ ተነስቼ ግቢ ውስጥ ስዞር ነው ቀለል የሚለኝ።" (ፋርማሲስት ነኝ ብለው ብለው አልሰማ አለኝ፣ ዶክተር ሆኜ ቀረሁ።)

"ጠዋትስ?"

"ጠዋት እንጨት ነኝ። ካልሲ የምታደርግልኝ ታናሽ እህቴ ናት። 4 ሰዓት ገደማ ላይ ነው የሚለቀኝ።"

እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚለየው። ተራ የወገብ ህመም ወይም ዲስክ ሲያርፉበት ይሻላል፣ ሲሰሩበት ይብሳል። ከውስጥ በብግነት (መገጣጠሚያው ራሱ ሲቆጣ) የሚመጣው ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ ከ40 ዓመት በታች ይጀምራል፣ ቀስ ብሎ ይገባል፣ እረፍት ያባብሰዋል፣ እንቅስቃሴ ያቀለዋል፣ ሌሊት ይቀሰቅሳል፣ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ያደርቃል። ተረከዙንም ያመው ነበር፣ እሱ ጫማው መስሎት ጫማ ቀይሯል። "ይሄ ዲስክ አይመስለኝም፣ የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስት ይይህ" አልኩት፣ እሺ አለኝ፣ አልሄደም። ወረፋው፣ ብሩ፣ ደግሞ ዳይክሎፌናኩ ይሰራለታል።

የወሰነለት ዓይኑ ነው። አንድ ቀን ግራ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ እንባው እየወረደ፣ ብርሃን ማየት አቅቶት መጣ፣ የመበየጃውን ነበልባል ቀና ብሎ ማየት አልቻለም፣ ለወርቅ ሰሪ ደግሞ ይሄ ማለት ስራ የለም ማለት ነው። ጠብታ ስጠኝ አለኝ፣ አልሰጠሁትም፣ ብርሃን የሚያስጠላ ቀይ ዓይን በፋርማሲ ጠብታ የሚሞከር ነገር አይደለምና ቀጥታ የዓይን ሐኪም ጋ ሂድ አልኩት። ሐኪሟ ዩቪያይቲስ (የዓይን ውስጥ ብግነት) ነው አለችውና ጠብታውን እየፃፈች "ወገብህን ያምሃል እንዴ?" ብላ ጠየቀችው። ልጁ እስከዛሬ ሲያወራው ይገርመዋል፣ ዓይን ልታይ ገብታ ወገቡን ያገኘችበት። የሚገርም አይደለም፣ ይሄ ወገብን በብግነት የሚያደርቀው በሽታ ካለባቸው ከአራት ሰዎች አንዱ ያህል ወይም ከዚያ በላይ በህይወቱ አንዴ እንዲህ ዓይኑ ይቆጣል።

ሩማቶሎጂስቱ (የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስቱ) ጋ የሄደው በዚህ መንገድ ነው። ኤክስሬይ ተነሳ፣ ዳሌና የአከርካሪ መጨረሻ የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ሁለቱም ጎን ተሸራርፏል፣ ደም ውስጥ ብግነትን የሚያሳየው ሲአርፒ ከፍ ብሏል። አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይትስ፣ አከርካሪን በብግነት ቀስ በቀስ የሚያደርቅ በሽታ። መጀመሪያ ግን የአከርካሪ ቲቢና ብሩሴሎሲስ (ካልተፈላ ወተት የሚይዝ ኢንፌክሽን) እንዳልሆነ ተጣርቷል፣ እኛ ሀገር ይሄ ሳይጣራ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ኤችኤልኤ ቢ27 የሚባለውን የዘር ምርመራ ሐኪሙ ብዙም ቦታ አልሰጠውም፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ከበሽታው ጋር ያለው ግንኙነት ከታወቀ ጀምሮ አውሮፓውያን ላይ ከ10 ታማሚ 9ኙ ጋ ይገኛል ይባላል፣ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ግን ያን ያህል ስለማይገኝ ኔጌቲቭ ቢመጣም በሽታውን አያስቀርም። ከመጀመሪያው ህመም እስከ ስሙ ድረስ 5 ዓመት ፈጅቷል። በነገራችን ላይ ይሄ በሌላው ዓለምም እንደዛው ነው፣ በአማካይ ወደ 7 ዓመት ይዘገያል።

ፊዚዮቴራፒ ክፍል የተለካውን ልንገራችሁ። ቆሞ እያለ ወገቡ ላይ በእስክርቢቶ 10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ምልክት ይደረጋል፣ ከዛ ጉልበቱን ሳያጥፍ ወደ እግሩ ጣት ይጎነበሳል፣ ጤነኛ ሰው ላይ ያ 10 ሴንቲ ሜትር ተለጥጦ ወደ 15 ይደርሳል። የሱ 12 ላይ ቆመ። በረጅሙ ሲተነፍስ ደረቱ የሰፋው ደግሞ 2.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ የጎድን አጥንቶቹ ከአከርካሪ ጋር የሚገናኙበትም እየደረቀ ነው ማለት ነው። በስድስት ጥያቄ የሚሞላ ባስዳይ የሚባል መለኪያ አለ፣ ከ10 የሚሰጥ፣ 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው ገና ንቁ ነው ይባላል፣ የሱ 6.9 ነበር።

ህክምናው መጀመሪያ ላይ ቀላል ነበር፦ ናፕሮክሲን (የዳይክሎፌናክ ዘመድ የሆነ ማስታገሻ) በሙሉ ዶዝ፣ ለጨጓራው ኦሜፕራዞል፣ እና በየቀኑ እንቅስቃሴ። ሐኪሙ ስፖርቱን ከመድኃኒቱ እኩል ነው የፃፈለት። በሁለት ሳምንት ካልሲውን ራሱ ማድረግ ጀመረ። ከዛስ ምን ሆነ? ሲሻለው ጊዜ የመድኃኒቱን ወረቀት አነበበ፣ ኩላሊት፣ ጨጓራ፣ ልብ። ስለ ቀጣዩ ደረጃ ሲጠይቅ ደግሞ ባዮሎጂክ የሚባሉት መርፌዎች፣ ቲኤንኤፍ የሚባለውን የብግነት መልእክተኛ የሚዘጉት እነ አዳሊሙማብ፣ ኢንተርሉኪን 17 የሚባለውን ሌላውን መልእክተኛ የሚዘጋው ሴኩኪኑማብ፣ ዋጋቸው ተነገረው፣ ለወራት ሰርቶ የሚያገኘውን ለአንድ ወር። ያን ቀን ከሐኪሙ ወጥቶ ቀጥታ እኔ ጋ መጣና "በቃ ወደ ቅጠላችን እንመለስ" አለኝ።

እና ተቀምጠን አንድ በአንድ አየነው፣ ማዘርም (እናቱ) አንዳንዴ እየመጡ ይጨምሩበት ነበር።

ከእርድ እንጀምር፣ ምክንያቱም ማዘር በየማታው እርድ በዝንጅብልና በማር እያፈሉ ያጠጡት ነበር። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የሚባለው ነገር እውነተኛ ኬሚካል ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ሴል ላይ ሲደረግ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባለውን የብግነት ማብሪያ ያጠፋል፣ ቲኤንኤፍንም ይቀንሳል፣ ያው ውዱ መርፌ የሚዘጋውን ማለት ነው። የጉልበት መገጣጠሚያ መበላት ያለባቸው ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶችም መጠነኛ የህመም ማስታገስ ታይቷል። ግን ሂሳቡን እንስራ። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ወደ 3 ግራም ነው፣ ከዚያ ውስጥ ኩርኩሚኑ 3 ፐርሰንት ገደማ፣ ማለትም ወደ 90 ሚሊ ግራም። ጥናቶቹ ላይ የሚሰጠው በቀን ከ500 እስከ 1500 ሚሊ ግራም ነው። ያቺ 90ውም ብትሆን ከአንጀት ወደ ደም ብዙም አትገባም፣ የገባችውንም ጉበት ቶሎ ይሰባብራታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የታወቀ ጥናት ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፒፐሪን አብሮ ሲሰጥ ደም ውስጥ የሚገባው ኩርኩሚን 20 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል፣ ይሄንን ስነግራቸው ማዘር "ታዲያ አልጫው ላይ ቁንዶ በርበሬ ልጨምርበታ!" አሉ፣ ጨምሩ አልኳቸው፣ አልጫ ላይ ማንንም አይጎዳም። ካፕሱል ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ጉበት የሚሰባብረውን ነገር እንዳይሰባብር ስታደርጉት ሌሎች መድኃኒቶችንም አብራችሁ ትነካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ከእርድ ካፕሱል ጋር የተያያዘ የጉበት ጉዳት ሪፖርት ተደርጓል፣ አንዳንዶቹ ምርቶች ላይ ፒፐሪን ተገኝቷል። የማዘርን እርድ የወደድኩበት ሌላ ምክንያት አለ፣ ከመርካቶ ስሩን ገዝተው አድርቀው ራሳቸው ነው የሚያስፈጩት። ባንግላዲሽ ውስጥ ቢጫው እንዲደምቅ ሊድ ክሮሜት የሚባል የእርሳስ ቀለም እርድ ላይ ሲጨመር ተደርሶበታል፣ የተፈጨ ሲገዛ ይሄም አለ።

ሁለተኛው እጣን ነው። ልጁ ማታ ማታ ክፍሉን ዘግቶ እጣን ያጨስ ነበር፣ ለወገቡ ብሎ። ቦስዌሊክ አሲድ የሚባሉት የእጣን ሙጫ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች 5 ሊፖክሲጅኔዝ የሚባለውን የብግነት ኢንዛይም እንደሚከለክሉ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይታወቃል፣ የሚገርመው ናፕሮክሲንና ዳይክሎፌናክ ይሄንን መንገድ አይነኩም፣ የሚነኩት ሌላኛውን ነው፣ ስለዚህ ሀሳቡ በሳይንስ በኩል ደካማ አይደለም። ግን ሰው ላይ የተጠናው በአብዛኛው የህንዱ ዛፍ ሙጫ ነው፣ ያውም ለጉልበት፣ ያውም ተጣርቶ በካፕሱል። የኛው የትግራይና የመተማው እጣን ሌላ የዛፉ ዘመድ ነው፣ ይዘቱም ይለያያል። ደግሞ ቦስዌሊክ አሲድ ከባድ ሞለኪውል ነው፣ የሚተን ነገር አይደለም፣ ከጭሱ የሚሸተው ሌላው ነው። ደረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚሰፋ ሰው በር ዘግቶ ጭስ መሳቡ ምኑም አልጣመኝም። "ለቡና ይሁንልህ፣ ለወገብ ተወው" ተባባልን።

ጥቁር አዝሙድ ውስጥ ታይሞኪኖን አለ፣ ዝንጅብል ውስጥ ጂንጀሮል፣ ሁለቱም ላብራቶሪ ውስጥ ብግነት ይቀንሳሉ፣ ዳቦ ላይና ሻይ ላይ ችግር የላቸውም፣ በብዛት በዘይት መልክ ሲወሰዱ ግን ከህመም ማስታገሻው ጋር ተደምረው ጨጓራን ስለሚያስቆጡ መጠኑ ይታይ። አብሽ ስኳር ዝቅ ያደርጋል፣ እሱን ለሱ ሳይሆን የስኳር መድኃኒት ለሚወስዱት ለማዘር ነው የነገርኳቸው።

ልጁ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ። "መድኃኒቱ ሁሉ ከቅጠል አይደል እንዴ የመጣው?" ብዙው መጥቷል፣ እውነት ነው። ወንዝ ዳር የሚበቅለው የአኻያ ዘመዶች ቅርፊት ውስጥ ሳሊሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፣ ከሱ መንገድ ነው እ.ኤ.አ. በ1897 ባየር ውስጥ አስፕሪን የተሰራው፣ የዛሬዎቹ ናፕሮክሲንና ዳይክሎፌናክም በስራቸው የሱ ተከታዮች ናቸው። ኮአርተም ውስጥ ያለው የወባ መድኃኒትም ከቻይና አርቲ ነው የመጣው፣ ቱ ዩዩ የምትባለዋ ቻይናዊት በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ቅጠሉን ስታፈላው እንደማይሆን አይታ ነው በዝቅተኛ ሙቀት በኢተር ያወጣችው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለመችበት። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬም ቅጠሉን አፍልቶ ለወባ መጠጣትን አይመክርም። ይሄንን ስነግረው ልጁ በራሱ ቋንቋ ገባው፣ "ወርቅ ያለበት አፈርና 21 ካራት ቀለበት አንድ አይደሉም በለኛ" አለኝ። አዎ፣ እሱ ነው፣ ከኔ ሌክቸር የተሻለ አስቀመጠው።

ለዚህ በሽታ ለየት የሚለው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይትስ ውስጥ ሁለት ነገር ነው የሚካሄደው፣ ብግነት አለ፣ ከብግነቱ በኋላ ደግሞ አጥንት በማይፈለግበት ቦታ ያድጋል፣ አከርካሪዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዛቸው እሱ ነው። ሴል ላይ ቲኤንኤፍን ቀነሰ የተባለ የእፅዋት ኬሚካል ሁሉ አጥንቱን ያቆማል ማለት አይደለም፣ ውድ መርፌዎቹ ራሳቸው እሱ ላይ ብዙ ዓመት አከራክረዋል። ኩርኩሚን፣ ሬስቬራትሮል፣ ኩዌርሴቲን፣ ቤርቤሪን፣ ስማቸው የሚነሳው አብዛኞቹ ያሉት ገና የላብራቶሪ ሳህንና አይጥ ላይ ነው። ሰው ላይ የተሞከረው ትንሽ ነው፣ ኢራን ውስጥ በጣም ደቅቆ የተሰራ ናኖኩርኩሚን ለጥቂት የዚህ በሽታ ታማሚዎች ተሰጥቶ ሬጉላቶሪ ቲ ሴል የሚባሉት ብግነት የሚያበርዱ ሴሎች ጨምረዋል፣ ጥሩ ፍንጭ ነው፣ ህክምና ለመባል ግን ይቀረዋል።

ከሁሉም ጠንካራው ትሪፕቴሪጂየም የሚባለው የቻይና ሐረግ ነው፣ ቻይኖቹ ሌይ ጎንግ ቴንግ ይሉታል፣ ውስጡ ትሪፕቶላይድ አለ። ለሌላኛው የመገጣጠሚያ በሽታ፣ ለሩማቶይድ አርትራይትስ፣ ከበሽታው የተለመዱ መድኃኒቶች ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ከሰልፋሳላዚን ጋር፣ በ2014 ቻይና ውስጥ ከሜቶትሬክሴት ጋር ተወዳድሮ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ልጁ ይሄንን ከኢንተርኔት አግኝቶት "ከቻይና የሚያመጣልኝ ሰው አለ" ብሎ መጣ። አዲስ ያገባ ነው፣ ልጅ እየፈለጉ ነው። ይሄ ሐረግ የወንድ ዘርን (ስፐርም) ያጠፋል፣ እንደውም አንድ ሰሞን ለወንዶች የወሊድ መከላከያ ይሆን እንደሆነ ተጠንቷል፣ ሴት ላይ የወር አበባ ያቆማል፣ ጉበትና ኩላሊትም ይነካል። ባለቤቱ አብራው ቆማ ነበር። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

ግን እኔ ስለ ቅጠል ሳወራ እሱ ለካ በጎን ሌላ ነገር ጀምሯል። ከቴሌግራም ቻናል የገዛው ካፕሱል ነው፣ ብልቃጡ ላይ የዝንጅብልና የእርድ ስዕል፣ "100 ፐርሰንት ተፈጥሯዊ፣ ሳይድ ኢፌክት የለውም" የሚል፣ አምራች የሌለው፣ የምዝገባ ቁጥር የሌለው። ናፕሮክሲኑን አቁሞ እሱን ያዘ። በ2 ቀን ውስጥ ህመሙ ጠፋ። በ2 ቀን! አምስት ዓመት እንጨት የሆነ ወገብ! ያኔ ለሰፈሩ ሁሉ አስተዋወቀው፣ ለኔ ግን አልነገረኝም፣ ይቆጣኛል ብሎ ነው አለኝ በኋላ።

እኔ ያወቅኩት ፊቱን ሳይ ነው። ያ ቀጭን ልጅ ጉንጩ ተነፍቶ ክብ ሆኗል፣ ግንባሩ ላይ ብጉር ወጥቷል፣ ማጅራቱ ላይ ስብ ተከምሯል። "አማረብህ ተባልኩ" እያለ ይስቃል። ግፊቱን ለካሁት 150 በ95 ሆነ፣ ከዚያ በፊት ግፊት የሚባል ነገር አልነበረበትም። ሸሚዝህን አንሳ አልኩት፣ ሆዱ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ሸንተረር። ብልቃጡን አምጣ አልኩት፣ "አልቋል፣ ሻጩ ስልክ አያነሳም፣ ካቆምኩ ሦስት ቀኔ ነው" አለኝ። ያን ሲለኝ ደነገጥኩ፣ ፊቱ ሳይሆን ማቆሙ ነው ያስደነገጠኝ። ያዞርሃል ወይ አልኩት፣ አዎ። ያስመልስሃል? ጠዋት አስመልሶኛል። በዚያው ሰዓት ታክሲ አስይዤ ከወንድሙ ጋር ድንገተኛ ክፍል ላክሁት፣ በወረቀት "ስሙ ያልታወቀ ካፕሱል፣ ስቴሮይድ ሊኖርበት ይችላል፣ በድንገት ያቆመ" ብዬ ፅፌ።

የተጠረጠረው ልክ ነበር። የጠዋት ኮርቲሶሉ በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሰውነታችን ኮርቲሶል የሚሰራው ከኩላሊት በላይ በተቀመጠችው አድሬናል ዕጢ ነው (ኩላሊት ነው ያሉት ጓደኞቹ መጨረሻ ላይ በትንሹ ሳቱ ማለት ነው)፣ ከውጭ ጠንካራ ስቴሮይድ (የኮርቲሶልን ስራ የሚሰራ መድኃኒት) ሲገባ ዕጢዋ ትተኛለች፣ የውጩ በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ቶሎ አትነቃም፣ ግፊት ይወርዳል፣ ሰው ሊሞትም ይችላል። ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ተሰጥቶት ቀስ በቀስ በወራት ውስጥ ነው የተቀነሰለት። ካፕሱሉ ስላለቀ ላብራቶሪ የሚላክ ነገር አልነበረም፣ ግን ምንም እርድ፣ ምንም ዝንጅብል ኮርቲሶልን እንዲህ አይጥልም። እንደኔ ግምት ስቴሮይድ ብቻም አይደለም የነበረበት፣ ስቴሮይድ በአፍ ለዚህ የአከርካሪ በሽታ ያን ያህል ድንቅ አይደለም፣ በሁለት ቀን እንዲህ ያለቀለት አብሮ እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ ነገር ቢኖርበት ነው።

ይሄን የምለው ከራሴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አርትሪ ኪንግ ስለሚባሉ ለመገጣጠሚያ የሚሸጡ "ተፈጥሯዊ" እንክብሎች ተደጋጋሚ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፣ ሲመረመሩ ብልቃጡ ላይ ያልተፃፈ ዳይክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን የሚባል ጠንካራ ስቴሮይድ ተገኝቶባቸዋል፣ ተጠቃሚዎቹ ላይም የታየው ይሄው ነው፣ የተነፋ ፊት፣ የጨመረ ስኳር፣ የተኛ አድሬናል፣ የተጎዳ ጉበት። ዴክሳሜታዞን ርካሽ ነው፣ ትንሿ ፍሬ ብዙ ትሰራለች፣ 0.75 ሚሊ ግራሙ ከ5 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ጋር እኩል ነው፣ ቅጠል ውስጥ ብትደበቅ ማንም በዓይኑ አያያትም።

ከተሻለው በኋላ አንድ ቀን ተናድጄ ነገርኩት፣ "አንተ ሰው ወርቅ ይዞ ሲመጣ ድንጋይ ላይ ፈትገህ አሲድ ጠብ ሳታደርግ ትገዛለህ?" "በጭራሽ።" "ታዲያ የምትውጠውን?" ዝም አለ፣ ከዛ ግን "ዶክተር፣ ወርቁ ቢዋሸኝ የማጣው ብር ነው፣ ያ ካፕሱል ግን በ2 ቀን ተኝቼ እንዳድር አደረገኝ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው አሲድ አይጠብቅም" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ነው፣ ሰው ወደዚህ የሚሄደው አላዋቂ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ህክምናው መሃል መንገድ ላይ ጥሎት ስለሚሄድ ነው፣ ናፕሮክሲኑ እንዳያሳስበው ኩላሊቱ በየስንት ጊዜው እንደሚታይ የነገረው ሰው ቢኖር ኖሮ ብልቃጡን አይፈልግም ነበር ብዬ አስባለሁ።

አሁን ያለበትን ልንገራችሁ። ሐኪሙ ወደ ሴሌኮክሲብ፣ ወደ ሌላ ማስታገሻ፣ ቀይሮለታል፣ ኩላሊቱና ግፊቱ በየሦስት ወሩ ይታያል፣ ቀኑን ካርዱ ላይ ፅፈንለታል። ሰልፋሳላዚን ይጨመር ወይ ተብሎ ነበር፣ ግን እሱ ለእጅና ለእግር መገጣጠሚያ እንጂ ለአከርካሪ ስለማይረዳ ቀረ። የተደበቀ ቲቢ ምርመራ ተደርጎለታል፣ ባዮሎጂክ ካስፈለገ ከዚያ በፊት ግድ ነው፣ ቲኤንኤፍ ሲዘጋ ተኝታ የነበረች ቲቢ ትነሳለች። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ሄዶ ይለጠጣል፣ ይራመዳል፣ ሩጫውን ትቶታል። በፒያሳው መፍረስ መስሪያ ቤቱ ስለተነሳ አዲሱ ቦታ ላይ ጠረጴዛውን ከፍ አድርጎ አሰርቶ ቆሞ ነው የሚሰራው፣ ለጥቃቅኑ ስራ ብቻ ይቀመጣል፣ በየግማሽ ሰዓቱ ይነሳል።

ማዘርን በተመለከተ እርዱን አላስጣልናቸውም፣ ሐኪሙም ተስማምቷል። በምግብ መልክ እስከሆነ፣ መድኃኒቱን ካልተካ፣ ደግሞ ልጃቸው ጋ በየማታው ፍልውን ይዘው ሲገቡ መድኃኒቱን መዋጡንም ያዩታል፣ ይሄ ከኔ ስልክ የበለጠ ይሰራል። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፣ አዲስ ነገር ከመጨመራቸው በፊት እንዲያሳዩኝ። አሁን ጎረቤት የሰጣቸውን ቅጠል ሁሉ በፌስታል ቋጥረው ይመጣሉ፣ "እስቲ ልጄ ይሄንንስ?" ይሉኛል፣ ግማሹን እኔም አላውቀውም፣ ያላወቅነውን አይጠጣም ተባብለናል።

ባስዳዩ ባለፈው ሲሞላ 3.4 ሆኗል። የወገቡ ልክ ከ12 ወደ 13 ነው የወጣችው፣ ደረቱ ያው ነው፣ የተያያዘው አጥንት ተመልሶ አይለቅም። ዓይኑ አንዴ ድጋሚ ቀልቶ ነበር፣ በዚያው ቀን ሄዶ ታከመ። ስለ ካፕሱሉ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት አድርገናል፣ የቻናሉን ስክሪንሾትም ጨምረን። ቻናሉ ስሙን ቀይሮ አሁንም ይሸጣል፣ ስዕሉ ላይ ጥቁር አዝሙድ ተጨምሮበታል፣ "ለስኳርም ይሆናል" የሚልም አዲስ መስመር አለው።